የባትላሜራው ጆሮ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች በኋላም የጆሮውን ባትሪ መቀየር አላቆመችም።

ጆሮ የምትለው ሐኪም ያዘዘለትን መስሚያ ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ባቄላ የሚያክል ነገር፣ ከእሱ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ፣ በቱቦዋ ጫፍ ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚወሸቅ፣ አኝከው የተፉት ማስቲካ የሚመስል ፕላስቲክ አለው። ባሏ ባትላሜራ ነበር። ዕድሜ ልኩን የተጨማደደ የመኪና በር በመዶሻ ሲያቃና ኖረ፤ በሩ ሲቀና ጆሮው ተበላሸ። ቀኙ ድሮ ነው የሞተው። በግራው ግን ትንሽ ትንሽ ይሰማ ስለነበር፣ እሷ መንገድ ላይም ሆነ አልጋ ላይ ከግራው አትጠፋም። ትዳራቸውን በሙሉ በባሏ ግራ በኩል ነው የኖረችው።

መስማት የማይፈልገው ነገር ሲመጣ ደግሞ በሁለቱም ይደነቁራል። «ጣራው ያፈሳል እኮ» ስትለው፣ «ኧ?» ይላል። ሦስተኛ ቤት ያለ ጎረቤት «ምሳ ቀርቧል» ሲል ግን ይሰማል። ጋራዡ ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ የባትላሜራው ጆሮ ሆዱ ውስጥ ነው እያሉ።

መስሚያው ከመጣ በኋላ ማንንም አላስነካም። ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ መስታወት ፊት ቆሞ ነው የሚያደርገው። «አሳየኝ እስቲ» ስትለው፣ «ምኑን? ጆሮዬ ነው፣ ተይኝ» ይላታል። ስለዚህ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ በእጇ ይዛው አታውቅም። ከሆስፒታል ሬሳውን ሲያስረክቧት ነጠላ ጫማውን፣ ሰዓቱንና ያንን ጆሮ በፌስታል ቋጥረው ሰጧት። ቤት ገብታ ፌስታሉን ፈታች። ጆሮውን አውጥታ በመዳፏ ጨበጠችው።

አፏጨ።

ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ፉጨት ነው። መዳፏን ስትከፍት ዝም አለ፣ ስትጨብጠው እንደገና አፏጨ። መሣሪያው የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ እንዲያ እንደሚያደርግ ኋላ ሰው ነግሯታል። እሷ ግን ሰው የነገራትን ሁሉ የምታምን ሴት አይደለችም። መሳቢያ ውስጥ ንጹሕ ጥጥ አንጥፋ አስተኛችው። ጠዋት ጠዋት የመኪና ወንበር ልብስ ልትሰፋ ከመውጣቷ በፊት ታወጣዋለች፣ ትወለውለዋለች፣ ታማክረዋለች። ካፏጨ እሺ ነው፣ ዝም ካለ እንቢ ነው። ጣራውን ላስጠግን? ፉጨት። መዶሻዎችህን ለተለማማጅህ ልስጠው? ዝም። «ድሮ ቢሆን ኧ? ትለኝ ነበር። ከሞትክ ወዲህ ጨዋ ሆነሃል» ትለዋለች።

አንዲት ልጅ አላቸው። አንዴ ከጠበቀች የማትፈታ ናት ብሎ አባቷ ገና በልጅነቷ ቡሎን አላት፣ ስሙም በዚያው ጸና። ፊቷ፣ አረማመዷ፣ የጆሮዋ ጫፍ ሳይቀር ቁርጥ አባቷ ናት። ይህች ቡሎን አንድ ቀን መጥታ እናቷ ፊት ቁጭ አለች።

«እማ፣ አርግዣለሁ።»

ሰፊዋ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ልወልድ ወዳንቺ መምጣት እፈልጋለሁ። ግን የሞተ ሰው በሚያፏጭበት ቤት አልወልድም። ወይ እሱ ወይ እኔ።»

«አባትሽ እኮ ነው! ምን አደረገሽ?»

«አባዬ ተቀብሯል። ያ ባትሪ ነው።»

ቡሎን ቃሏ ቃል ነው፤ እንቢ ካለች ከአማቷ ዘንድ ሄዳ ትወልዳለች። ሰፊዋ ይህን ስለምታውቅ ጆሮውን በጨርቅ ጠቅልላ ከግቢው ግንብ ሥር ቀበረችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሳ አወጣችው። አፈሩን በጥጥ ስትጠርግ ልጅቷ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«ከዚህ ግቢ እስካልወጣ ድረስ አንቺ አትተዪውም። ራቅ ያለ አገር ነው የሚያስፈልገው» አለቻት።

ራቅ ያለውን አገር ያገኘችውም ቡሎን ራሷ ናት። የእነሱው አገር ሴት ባሕር ማዶ ተቀምጣ፣ ለሚሄድላት ሰው ሁሉ፣ መጣል ያቃተውን ዕቃ ከሌላ ውዳቂ ጋር በሣጥን ውስጥ እየገጣጠመ ሥዕል እንዲያደርገው ታስተምራለች። የተሠራው ሥራም እዚያው አዳራሿ ውስጥ ለዘለቄታው ይቀራል፤ ደንቡ ነው።

«ቁራሌ ናታ!» አለች ሰፊዋ።

«አርቲስት ናት፣ እማ።»

«ቁራሌ እንኳ ባገሩ ነው የሚዞረው። ለውዳቂ ባሕር እንሻገር?»

«ለአባዬ ነው የምንሻገረው» አለች ቡሎን። በዚህ ያዘቻት። ሰፊዋ ጆሮውን በሣጥን ውስጥ ትታው እንደምትመለስ በልጇ ሆድ ላይ እጇን አኑራ ማለች።

የሥራው ቤት ድሮ የጣውላ መጋዘን ነበር። ጣራው ሩቅ ነው፤ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ብርሃኑ የሚወርደው እንደ ጉድጓድ ውስጥ ብርሃን ከላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ሙጫ ተንጠባጥቦበት ቆዳው እንደ አዞ ጀርባ ሆኗል። በግድግዳው ዙሪያ በየሣጥኑ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ የሰዓት አንጀት፣ የአሻንጉሊት እጅ ተሞልቷል። የአሻንጉሊቶቹ እጆች ሁሉም ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች።

«የስንት ሰው ቤት ፈርሶ ነው ይህ ሁሉ?»

«ግቡ እትዬ፤ አይናከሱም» አለች አስተማሪዋ፤ ጠጉሯን በእርሳስ ሰክታ ያሰረች ቀጫጫ ሴት ናት።

ሁሉም ይዞ የመጣውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ የማን እንደሆነ ይናገራል። ከሁሉ ቀድመው ያወጡት አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር ናቸው። ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ ደፍተዋል። ያወጡት መነጽር ነው።

«የባለቤቴ ነው። በሄድኩበት ያየኛል። ምነው ካልሲህን ሳትቀይር ይለኛል። ዓይኑን ላጠፋው ነው የመጣሁት» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ሰፊዋ ጆሮውን በጥጡ እንዳለ አኖረችው። አስተማሪዋ ልታየው ጎንበስ ብላ እጇን ስታስጠጋ፣ ያ ቀጭን ፉጨት ወጣ። አዳራሹ ባዶ በመሆኑ ድምፁ ጣራ ደርሶ ተመለሰ። አስተማሪዋ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

«ባሌ ነው። አዲስ ሰው ሲያይ ነው» አለች ሰፊዋ።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ወደ ጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ሸሹ። እሷ ግን ሥራዋን ያዘች። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እግር የሌለው ቁም ሣጥን አግኝታ መሳቢያውን ብቻ ገዛች። የዛገ የመኪና በር ቁራጭም አገኘች፤ አንድ ሰው ሊያቃናው ሞክሮ የተወው ነበር፣ የመዶሻው ጠባሳ እንደ ፈንጣጣ ተርፎበታል። መሳቢያውን በውስጥ በኩል በወንበር ቆዳ አልብሳ በወፍራም ክር ሰፋችው፤ የበሩን ቆርቆሮ ከኋላ እንደ ግድግዳ አቆመችው፤ በስተግራ የበር እጀታ፣ ከላይ የጎን መስታወት ስባሪ። ቡሎን አጠገቧ ተቀምጣ ክር ትቆርጥላታለች። መጀመሪያ ኩፍ ብላ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን፣ «እማ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጊው፣ አባዬ እኮ አጭር ነው» ማለት ጀመረች።

ጆሮውን ቆርቆሮው ሥር ሲያኖሩት ግን ነገሩ ባሰ። ማንም ሳይጠጋውም ያፏጭ ጀመር። ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ከባዶው አዳራሽ ይሰማል። አስተማሪዋ፣ «ቆርቆሮው ነው፤ ድምፁን ይመልስበታል» አለች፤ ግን እሷም ብቻዋን ገብታ መብራት ማጥፋት ተወች። ከሚማሩት መካከል አንዷ ሣጥኗን አንሥታ ኮሪደር ላይ መሥራት ጀመረች። ቡሎን ፉጨቱን በሰማች ቁጥር እጇ ወደ ሆዷ ይሄዳል። ሰፊዋ ይህን አየች፣ ግን አልጠየቀችም።

«ጆሮ እንዲህ በሜዳ ተጥሎ ነው እንዴ የሚሰማ? የሚገባበት ጆሮ እንሥራለት» አለች አስተማሪዋ አንድ ቀን።

«የልጄን አድርጉት። የአባቷ ነው።»

ቡሎንን በጎን አስተኟት። የግራ ጆሮዋን በጥጥ ደፈኑና ዘይት ቀቡት፤ የጥርስ ሐኪም ቅርጽ የሚወስድበትን ሊጥ የመሰለ ነገር ለጠፉበት። ሲጠነክር ላጡትና በባዶው ጀሶ ሞሉበት። በማግስቱ ሊጡን ቀድደው ሲከፍቱት ነጭ ጆሮ ወጣ። ሰፊዋ ስታየው ወንበር ፈለገች። ስትጮህበት፣ ስታንሾካሹክበት፣ እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሿን ስታሳርፍበት የኖረችበት የባሏ ጆሮ ነው።

ጥጥ የነበረበትን በሚስማር ፍቃ ቀዳዳ አበጀችለት። ከዚያ ፕላስቲኩን ልትወሽቀው ያዘች። አልገባም። ወደ ላይ ስታደርገው ወደ ታች ይዞራል፣ ወደ ፊት ስትለው ወደ ኋላ ይላል። የቀኝ ጫማ በግራ እግር እንደማጥለቅ ሆነባት።

«ጀሶው አብጦ ነው» አለች።

«ጀሶ እንዲህ አያብጥም፣ እትዬ።»

«አብጧል አልኩሽ! ነይ አንቺ፣ በሥጋው ጆሮሽ ልሞክረው።»

ቡሎን ወደ ኋላ አለች። «የሞተ ሰው ዕቃ ጆሮዬ ውስጥ?»

«አባትሽ እንጂ ሌላ ሰው ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ግራዋን ሰጠቻት። ሰፊዋ ሞከረች፤ ፕላስቲኩ አሻፈረኝ አለ፤ እላዩ ላይ ሆኖ ይጮሃል። እልህ ያዛት። የልጇን ራስ እንደ ጨርቅ ጥቅል አዙራ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ወሰደችው። ሳትገፋው ገባ። ልኳ ባይሆንም መንገዱን አወቀው። በጣቷ ጫን ስታደርገው ፉጨቱ ቆመ።

ቡሎን ዓይኗን ገለጠች።

«ትንፋሽሽን እሰማዋለሁ» አለች በቀስታ። «እማ፣ የሁሉንም ሰው ትንፋሽ እሰማለሁ።»

የባቡር ሾፌሩ ተነሥተው መጡ። ቆባቸውን አወለቁ። በእሳቸውም ጆሮ ላይ እንደዚያው ያለ ባቄላ ተንጠልጥሏል፤ እስከዚያ ቀን ማንም አላየውም ነበር።

«መስሚያው ላይ ያለችውን ነጥብ አሳዪኝ፣ እህቴ። ይኸው። ቀይ የቀኝ ነው፣ ሰማያዊ የግራ ነው። በየትኛው ነበር የሚሰሙት እሳቸው?»

ሰፊዋ ቀዩን ነጥብ ታውቀዋለች። ከጋራዥ የተፈናጠረችበት ቀለም ናት ብላ፣ ስትወለውለው እንዳትለቅ ትጠነቀቅላት ነበር። አንዳንድ ቀንም ትስማት ነበር።

«በግራው» አለች ቡሎን፤ ጆሮውን ከራሷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ እንደ ትኋን ወረወረችው። «አባዬ በግራው ነበር የሚሰማው።»

ያን ጊዜ ሰፊዋ የሆስፒታሉ ክፍል ድቅን አለባት። ከባሏ አልጋ ቀጥሎ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ሰውዬ ነበር። ፊቱን አይታው አታውቅም። ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው የሚተኛው፤ የምታውቀው ጀርባውንና ባቄላ የተንጠለጠለበትን የቀኝ ጆሮውን ነው። አስታማሚ መጥቶለት አላየችም። ባሏ በሞተ ዕለት ጠዋት የሰውየውም አልጋ ተነጥፎ ነበር። ይሙት፣ ይዳን፣ አልጠየቀችም፤ የራሷ ሬሳ ነበረባት። ሁለት ፌስታል፣ ሁለት ጆሮ፤ ጆሮዎቹ ተለዋውጠዋል። እና ይሄን ሁሉ ጊዜ የጣራውን ነገር፣ የመዶሻዎቹን ነገር፣ አልጋው ለብቻዋ መስፋቱን ስታወራለት የኖረችው ያ ጀርባውን የሰጠ ሰውዬ ዞሮ ነው ለካ ሲሰማት የከረመው!

ቀና ስትል ቡሎን ፊቷን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

«ምነው? ጣዪው ጣዪው ስትዪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ልጁን። ካንቺ በፊት፣ ከባሌም በፊት። አንቺ ሥራ ስትሄጂ መሳቢያውን ከፈትኩና ያዝኩት። አባዬ፣ ደስ አለህ? አልኩት። አፏጨልኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሌላም ጠየቅሁታ!» አለች ልጅቷ ፊቷን ሳትገልጥ። «በሰላም እገላገላለሁ ወይ? አልኩት። ዝም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፣ ዝም። ካንቺ ቤት እንዲወጣ የፈለግሁት ለዚህ ነው፣ እማ።»

ይህች ልጅ ያንን ዝምታ ብቻዋን ተሸክማ ባሕር ተሻግራለች። ሰፊዋ ተነሣችና የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«ስሚኝማ ቡሎኔ። አባትሽ መስሎሽ ነው። ያ እኮ የሰው ቤት ሰው ነው፤ አያውቅሽም፣ አታውቂውም። የማያውቃት ሴት መጥታ የማህፀኗን ነገር ብትጠይቀው ምን ብሎ ይመልስ? ጨዋ ሰው ስለሆነ ዝም አለ። አባትሽ ቢሆንማ ኧ? ነበር የሚልሽ።»

ቡሎን እያለቀሰች ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ጠረጴዛው አዩ። ጆሮው ተኝቶ ነበር፤ ዝም ብሎ።

አስተማሪዋ እንደ ብርጭቆ የሚደርቀውን ፈሳሽ በጣሳ በጥብጣ ይዛ መጣች። እሱን ሣጥኑ ውስጥ ካፈሰሱት ያለው ሁሉ በውስጡ ይታሰራል፣ ድምፅም አይወጣም፤ ሥራው የሚያልቀው በዚያ ነው።

«ላፍስ እትዬ? እየደረቀብኝ ነው።»

«ቁሚ!» አለች ሰፊዋ። «የሰው አደራ ነው።»

«እናንተ እኮ ልትተዉት ነው የመጣችሁት።»

«የባሌን ልተው ነው የመጣሁት። የሰውን ሰው ምን አግብቶኝ ነው በባዕድ አገር በሙጫ የምደፍነው? እሱም ቤት መሳቢያ ይኖራል። የሱም ሚስት የኔን ሰውዬ ይዛ፣ ምነው ዝም አልከኝ ስትለው ትኖር ይሆናል። እዚያ ማን ባትሪ ይቀይርለታል?»

ቡሎን እናቷን አየቻት። ሰፊዋ መሐላዋን አልረሳችም፤ እጇን ያኖረችበት ሆድ እፊቷ ነው።

«ቤት አይገባም» አለቻት። «ከአውሮፕላን ወርጄ በቀጥታ ሆስፒታሉ ጋ ነው የምሄደው። እስክሰጥ ድረስም አያፏጭም።» ባቄላዋን በጥፍሯ ከፈተችና ባትሪውን አወጣች። ባዲስ ሳትተካ ስታወጣው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ይኸው፣ አንቺ ያዢው።»

ልጅቷ ባትሪውን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ፈሳሹ ሳይፈስ በጣሳው ውስጥ ደረቀ።

ሣጥኑ ለዕይታ ሲቀመጥ ከጀሶው ጆሮ በቀር ሌላ ጆሮ አልነበረበትም፤ በተሰፋው ቆዳ ላይ፣ በዚያ በማይቀና ቆርቆሮ ፊት፣ ነጭ የግራ ጆሮ ተኝቷል። የመጡት ሰዎች ከሌላው ሥራ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚቆሙት፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ጎንበስ እያሉ አንድ ነገር ይሉትና ይሄዳሉ። ሾፌሩም የሚስታቸውን መነጽር በቀለም አጥፍተው ጨርሰው፣ መጥተው ጎንበስ አሉለት።

ሊሄዱ ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ሰፊዋ ወደ ሣጥኑ ተመለሰች። እንደ ወትሮዋ በግራ በኩል ቆመች።

«አንተ» አለችው፣ «የማን መሳቢያ ውስጥ ነህ?»

ጀሶ ነውና ምን ይላል? ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ቡሎን ግቢው ውስጥ እየጠበቀቻት ነበር። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል። የባቡር ሾፌሩ ቀድመው ገብተው፣ መስሚያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተው፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው አንቀላፍተዋል። አስተማሪዋ በሩን ዘግታ ቁልፉን በእጇ ይዛ ስትሰናበታቸው ቆማለች።

በተዘጋው በር ውስጥ አንድ ነገር አፏጨ። ቀጭን ነው፣ ጥርስ የሚያሳክክ።

የአስተማሪዋ እጅ በሰላምታው ላይ ቀረ። ቡሎን ኪሷን ዳሰሰች፤ ባትሪው አለ። የእናቷን ቦርሳ ዳሰሰች፤ የሰውየው ጆሮ በጥጡ እንደተጠቀለለ ነው። ፉጨቱ ቆም ብሎ እንደገና መጣ፤ የሚጠራ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከፊተኛው ረዘም ብሎ።

«እማ» አለች ልጅቷ፣ «ሰማሽ?»

ሰፊዋ የሚኒባሱን እጀታ ጨብጣ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ የልጇን ክንድ ይዛ ወደ ላይ ደገፈቻት።

«ኧ?» አለች፤ ዞራም አላየች።